«ሪቻርጅ» እና «ኢነርጃይዝ»፦ ለሰው ሲሆኑ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

የሽምብጥ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር በጀልባ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የማደርስ አስጎብኚ ነኝ። ሰሞኑን ለጎብኚ የሚታደል ወረቀት በሁለት ቋንቋ እንዳዘጋጅ ተሰጥቶኛል። እንግሊዝኛው አልቋል፤ አማርኛው ግን ሁለት ግሥ ላይ ቆመብኝ። አንዱ «ሪቻርጅ» ነው፤ ቅዳሜና እሁድን ጣና ላይ ያሳለፈ ሰው «ሪቻርጅ» ያደርጋል ይላል። ሌላው «ኢነርጃይዝ» ነው፤ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲመለሱ የሚጠጡት የዘጌ ቡና «ኢነርጃይዝ» ያደርጋል ይላል። እጄ ላይ ያለው ትንሽ መዝገበ ቃላት ለሁለቱም «ኃይል መስጠት» ብሎ ያልፋል። ሁለቱንም እንደዚያ ብጽፋቸው ወረቀቱ ድርቅ ይልብኛል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ወር ደክሟቸው ለወረዱ እንግዶች «ቡናውን ስትጠጡ ዩ ዊል ቢ ኢነርጃይዚንግ» አልኳቸው። አንዲት ሴትዮ በትሕትና «ኢነርጃይዝድ» ብለው አረሙኝ። እርማቱን ተቀበልኩ፤ ምክንያቱን ግን እስካሁን አላወቅሁትም። በየቀኑ እንጀራ የምበላበት ቋንቋ ስለሆነ በደንብ እንዲገባኝ እፈልጋለሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።


ጠመኔ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሰላም እህቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ በየዓመቱ 11ኛ ክፍል ላይ የማርመው ስህተት ስለሆነ።

«ኢነርጃይዝ» አድራጊ ግሥ ነው። የሚናገረው ስለ ሰጪው ነው። ሰጪው ቡናው ስለሆነ «ኢነርጃይዚንግ» የሚባለው ቡናው ነው። እንግዳው ተቀባይ ነው፤ እሱ «ኢነርጃይዝድ» ይሆናል። በእኛ «አነቃቂ» እና «የተነቃቃ» እንደማለት ነው። አንቺ ለእንግዶቹ የነገርሻቸው «እናንተ አነቃቂዎች ትሆናላችሁ» የሚል ሆኖ ነው የተሰማቸው። ተማሪዎቼም እዚሁ ላይ ነው የሚሳሳቱት። «ኢንግ» በሂደት ላይ ላለ ድርጊትም ስለሚያገለግል፣ «እየተነቃቃሁ ነው» ለማለት ያስቡና ያንን ጭራ ያነሳሉ። «ቦሪንግ» እና «ቦርድ» የሚያምታቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፍላቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ስሜቱ ከማን ወጣ፣ ወደ ማን ገባ? የወጣበት «ኢንግ»ን ይይዛል፣ የገባበት «ኢድ»ን።

ሁለተኛ ነጥብ። «ኢነርጃይዝ» በተለምዶ ያለ ተሳቢ አይቆምም። አንድ ሰው «አይ ኢነርጃይዝድ» ብሎ ዝም ቢል ሰሚው «ማንን?» ብሎ ይጠብቃል። «ሪቻርጅ» ግን ሁለቱንም ይችላል። «ስልኬን ሪቻርጅ አደረግሁ»፣ «ስልኬ ሪቻርጅ እያደረገ ነው»፣ «አይ ኒድ ቱ ሪቻርጅ»፤ ሦስቱም ሙሉ ናቸው።

ሦስተኛውና ለወረቀትሽ የሚጠቅመው የትርጉም ልዩነታቸው ነው። «ሪ» ማለት መልሶ፣ ደግሞ ማለት ነው። ሰው «ሪቻርጅ» የሚያደርገው መጀመሪያ ሲደክም ነው፤ ያልጎደለ አይሞላም። ጊዜም ይፈልጋል፤ እንቅልፍ፣ ዝምታ፣ ከሥራ መራቅ። «ኢነርጃይዝ» ጉድለትን አይጠይቅም። ምንም ያልደከመው ሰው «ኢነርጃይዝድ» ሊሆን ይችላል፣ ያውም ወዲያው፣ ከውጭ በመጣ ነገር። ባሕር ዳር ስታዲየም ውስጥ ደጋፊው አንድ ላይ መዘመር ሲጀምር ተጫዋቹን አስቢው። ያን ጊዜ «ኢነርጃይዝድ» ነው። «ሪቻርጅ» የሚያደርገው ግን ጨዋታው አልቆ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ተኝቶ ሲያድር ነው።


ባለባጃጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ለምን ታስጨንቂዋለሽ፣ «ቻርጅ ያደርጋል» በይው። ከፓፒረስ እስከ ፔዳ የምጭነው ወጣት ሁሉ «ዛሬ ቻርጄ አልቋል»፣ «ትንሽ ተኝቼ ቻርጅ ላድርግ» ነው የሚለው። ቃሉ ከገባ ቆየ። የማይገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።


የዘጌው ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ልጆቼ፣ እንዴት አመሻችሁ። የተወለድኩት ዘጌ ነው፤ አሁን ሽማግሌ ነኝ። ባለባጃጁ ልጄ ያልከውን ሰምቻለሁ፣ አልቆጣህም፤ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የእኛ አገር በሬ አይጠመድበትም፣ ከብት አይረባበትም። ከጥንት የቆየ የገዳሙ ሥርዓት ነው። ኑሯችን ከቡናው፣ ከጌሾውና ከእንጨቱ ነበር። አባቴ ከባሕር ዳር ገበያ ለመድረስ ሌሊት ተነስቶ እንጨት በታንኳ ጭኖ ይቀዝፍ ነበር። ታንኳ ከደንገል የታሰረ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ነፋሱ ከፊት ከመጣ ክንድ ያልቃል። ሸጦ እንደገና ቀዝፎ ሲመለስ ጀርባው እንደ ደጋን ጎብጦ ነበር የሚገባው። እናቴ ቡናውን አፍልታ ትጠብቀዋለች። አቦሉን ሲጠጣ የሚላት «ተመስገን፣ ዓይኔ ተገለጠ» ነበር። ሁልጊዜ ይቺን ነው የሚላት። ያኔ ወሬ ይጀምራል፣ የገበያውን ዋጋ ይነግረናል፣ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል። ክንዱ ግን እንደዛለ ነው፤ ማሰሮ አንሳ ብትለው አያነሳም።

በማግስቱ፣ ተኝቶ አርፍዶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ትኩስ ነገር ቀምሶ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ቃል ነበረችው። «እፎይ፣ አሁን ነፍስ ዘራሁ» ይላል። ማታ ብሏት አያውቅም። ጠዋትም «ዓይኔ ተገለጠ» ብሎ አያውቅም።

መምህርት፣ እርስዎ የዘረዘሩትን ልዩነት ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም ነበር፤ ሁለቱን ግን ለይቶ ይናገር ነበር።


የሽምብጥ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

አባባ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእኔም አያት ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ።


ፌዝ እና ኒውትራል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ስለ ሰው ነው የምታወሩት፣ ግን እኔም ስለዚህ ቃል የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ «ኢነርጃይዝድ» ማለት ነፍስ የሚያጠፋ ቃል ነው። መስመሩ ኃይል አለው፣ አትንካ ማለት ነው። መንደር ውስጥ «መብራት አለው» የምንለው።

ሥራ ስጀምር አንድ ቦታ የደኅንነት ሥልጠና ሰጡን። የተሰጠን ወረቀት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነበር። «ኢነርጃይዝድ ኮንዳክተር» የሚለውን ተርጓሚው «የጠነከረ ሽቦ» ብሎት ነበር። አብሮኝ የነበረ ልጅ ወፍራሙን ሽቦ ማለት መሰለው፤ ቀጭኑን በባዶ እጁ ያዘው። ኮረንቲ ይዞት በእግዜር ቸርነት ወድቆ ተላቀቀ፤ እጁ ላይ የቃጠሎው ጠባሳ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል በአማርኛ ምን ማለት ነው ብሎ መጨነቅ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው። እህቴ፣ አትቸኩዪ።

ልዩነቱን እኛ በዓይናችን የምናየው ነገር ነው። ጣናን ተመልከቱት። በክረምት ሐይቁ ይሞላል። ውኃው ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ጉልበቱ ግን ውስጡ አለ። ከዚያ ከሐይቁ በዋሻ ተስቦ ጣና በለስ ጣቢያ ላይ ተርባይኑን ሲመታ፣ መስመሩ ሲገናኝ፣ ያኔ ነው «ኢነርጃይዝድ» የሚባለው። ጣቢያው በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ 4 ተርባይኖች አሉት፣ እያንዳንዱ 115 ሜጋዋት፣ በድምሩ 460። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባዩ የመጀመሪያ ጣቢያ ከ12 ሜጋዋት በታች ነበር። ትልቅም ይሁን ትንሽ ነገሩ አንድ ነው፤ ሐይቁ መሙላቱና መስመሩ ኃይል ማግኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሞላ ሐይቅ ኖሮ መስመሩ ሙት ሊሆን ይችላል። የውኃ ባለሙያዎችም ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር ሲሰርግ «ሪቻርጅ» ነው የሚሉት፣ «ኢነርጃይዝ» አይሉትም።


ደንገል
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

የቋንቋ ተማሪ ነኝ፣ ፔዳ ግቢ። ወንድማችን «ሐይቁ ይሞላል» ሲል የፈለግሁትን አገኘሁ።

መምህርት ጠመኔ «ሪቻርጅ» ያለ ተሳቢም ከተሳቢ ጋርም ይሄዳል ብለዋል። አማርኛ ውስጥ ልክ እንደዚያ የሚሄድ ግሥ አለን፤ «ሞላ»። «ጀሪካኑ ሞላ» ስንል የሞላው ራሱ ነው። «ጀሪካኑን ሞላ» ስንል ሌላ ሰው ሞልቶታል። ግሡ ቅንጣት አልተለወጠም፤ የተጨመረችው «ን» ብቻ ናት። አብዛኞቹ ግሦቻችን እንዲህ አይደሉም። «ነቃ» ብለን ሌላውን ሲሆን «አነቃ» እንላለን፤ «በረታ» ብለን «አበረታ»፤ «ደከመ» ብለን «አደከመ»። ከራስ ወደ ሌላ ሲሻገሩ ከፊት «አ» ይለብሳሉ። «ሞላ» ግን ሳይለብስ ይሻገራል። ለዚህ ነው ስልኩም «ሞላ»፣ ስልኩንም «ሞላሁት»፣ ካርድም «ሞላሁ» ማለት ቀላል የሆነልን። ቻርጅ የሚለው ባይመጣ ኖሮ «ሞላ» ብቻውን ሥራውን ሁሉ በሠራው ነበር።

ችግሩ ሰው ላይ ነው። «ትናንት ተኝቼ ሞላሁ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አላጋጠመኝም። «ሞላለት» ካልን ኑሮው ተሳካለት ማለት ነው፣ ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ «ሞላ» ለዕቃና ለውኃ ይሁን፤ ለሰው የአባባ «ነፍስ ዘራ» ይበልጣል።

ስለ ቃላቱ አመጣጥም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ከአባባ ታሪክ ጋር ይገጥማል። «ቻርጅ» ሩቅ አያቱ ላቲን ውስጥ ጋሪ የሚለው «ካሩስ» ነው። ከእሱ ጋሪ ላይ መጫን የሚል ግሥ ወጣ፤ በፈረንሳይኛ አልፎ «ቻርጅ» ሆነ። «ካር» እና «ካርጎ» ዘመዶቹ ናቸው። ኋላ ጠመንጃ ማጉረስም «ቻርጅ» ተባለ። በ1740ዎቹ መጨረሻ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ የብርጭቆ ዕቃዎችን ደርድሮ «ባትሪ» ሲላቸው ያንን ቃል የወሰደው በአንድነት ከተደረደሩ መድፎች ነው። ስለዚህ «ሪቻርጅ» ሥሩ መልሶ መጫን ነው። «ኢነርጂ» ደግሞ ግሪክኛ ነው፤ «ኤን» ውስጥ፣ «ኤርጎን» ሥራ። አሪስቶትል «ኢነርጌያ» ያለው በሥራ ላይ መሆንን ነበር። በዛሬው የፊዚክስ ትርጉሙ የተጠቀመበት እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነው፣ በ1807 በታተሙ ትምህርቶቹ። አንዱ ጭነት ነው፣ አንዱ ሥራ ላይ መዋል። የአባባ አባት ማታ ላይ ወደ ጨዋታ ገቡ፤ ጭነታቸው የሞላው ግን ጠዋት ነው።

በነገራችን ላይ «ነቃ» ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ፤ እንስራም «ይነቃል»፣ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ለሰው ሲሆን ችግር የለውም፣ ለዕቃ ሲሆን ግን ትርጉሙ ይገለበጣል።


ባለባጃጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00

እሺ፣ ለሰው «ነፍስ ዘራ» ይሻላል፣ ተስማማሁ። ግን ለቡናው «አበረታች» ቢባልስ? «የዘጌ ቡና አበረታች ነው» ጆሮ ላይ ጥሩ ነው።


መም ላይ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ወንድሜ፣ እባክህ እሱ አይጻፍ። አትሌቶች አሠለጥናለሁ። በእኛ ዘንድ «አበረታች» ሲባል የተከለከለ መድኃኒት ነው፤ «ፀረ አበረታች ቅመሞች» የሚለውን በዜና ሰምተሃል። ልጆቼን የማስጠነቅቅበትን ቃል የቡና ማስታወቂያ ላይ ማየት አልፈልግም። «አነቃቂ»ም ቢሆን «ዕፅ» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ ብቻውን ሲቆም ሰውን ያጠራጥራል።

ቃሉ መበላሸቱ ያሳዝነኛል፤ ሥሩ ያማረ ነበርና። ሥራ ላይ ያለን ሰው ስናልፍ «በርታ!» እንላለን፣ እሱም «አብረን» ይላል። ዳገት ላይ የሚሮጥ ልጅ «በርታ» ሲሉት እግሩ ይቀላል፤ በየቀኑ የማየው ነው። እንግሊዝኛው «ኢነርጃይዝ» ሰውን በሰው ሲሆን እኔ «አበረታ» ነው የምለው፤ ለመጠጥ ግን አልጠቀምበትም።


ነጭ ጋዋን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ነርስ ነኝ። «ኃይል ሰጪ» የሚለውም ለቡና አይሆንም። በትምህርት ቤት ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ብለን ተምረናል። ኃይል ሰጪ የሚባለው እንጀራው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ ነው። ስኳር የሌለበት ቡና ከሞላ ጎደል ኃይል የሚባል ነገር የለውም። ቀኑን ሙሉ አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ድካምና እንቅልፍ ያመጣል። ካፌይን የዚያን ንጥረ ነገር ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል፤ ስለዚህ ድካሙ አይሰማንም። ድካሙ ግን አልሄደም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ የተጠራቀመው ሁሉ ይመጣል።

የአባባ አባት «ዓይኔ ተገለጠ» ማለታቸው፣ «በረታሁ» አለማለታቸው፣ በሕክምናውም ትክክል ነው። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ክንዳቸው አላረፈም።


የሽምብጥ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የደረስኩበት ይህ ነው። እባካችሁ እረሙኝ።

«ቅዳሜና እሁድን ጣና ላይ ያሳለፈ ሰው ታድሶ ይመለሳል። ከዳገቱ ሲወርዱ የዘጌን ቡና ይቅመሱ፤ ዓይን ይገልጣል።»

«ነፍስ ዘርቶ» የሚለውን ፈርቼ ነው የተውኩት። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ያስመስላል ብዬ።


ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አምሮልሻል፣ አትንኪው። በመጀመሪያው ላይ እኔም እንዳንቺ አስቤ ነበር፤ «ነፍስ ዘራ» ለበሽተኛ የሚበዛ ይመስለኛል። «ታደሰ» ይሻላል።


የዘጌው ሰው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

መምህርት፣ ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። «ታደሰ» ክፉ ቃል አይደለም፤ ሰዎች ልጆቻቸውን ይሰይሙበታል። ነገር ግን ወረቀቱ ገዳማት ለሚሳለም ሰው ነው የሚሰጠው። ከታደሰ እስከ «ተሐድሶ» አንድ እርምጃ ነው፤ ያ ቃል ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያጨቃጭቅ ቃል ነው። በከተማ ደግሞ ተሐድሶ ሲባል የማገገሚያ ማዕከል ይታሰባል። ልጄ ለጉብኝት የጻፈችው ለሌላ ነገር እንዳይተረጎምባት።

«ነፍስ መዝራት»ን ደግሞ ለበሽተኛ ብቻ አታድርጉት። ጠውልጋ የነበረች የቡና ችግኝ ዝናብ ሲያገኛት ነፍስ ዘራች እንላለን። መንገደኛ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውኃ ሲጠጣ ነፍስ ዘራሁ ይላል። የከተማ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ጠውልጎ ነው የሚመጣው፤ እኔ በጀልባው ሲወርዱ አያቸዋለሁ። እሁድ ማታ ሲመለሱ ደግሞ ፊታቸው ሌላ ነው።


ጠመኔ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡35

የ«ተሐድሶ»ን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እውነትዎን ነው። የችግኟ ምሳሌም አሳመነችኝ። «ሪቻርጅ» መጀመሪያ መጉደልን ይጠይቃል ብዬ ነበር፤ መጠውለግ ውስጥ ያ አለ።


የሽምብጥ ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ዛሬ ጠዋት ጀልባ ነጂያችን መልሕቅ ሲፈታ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ሳምንቱ አጠውልጎዎታል? ቅዳሜና እሁድን ጣና ላይ ያሳልፉ፤ ነፍስ ዘርተው ይመለሳሉ። ከዳገቱ ሲወርዱ የዘጌን ቡና ይቅመሱ፤ ዓይን ይገልጣል።»

«እንደገና አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት። ከዚያ «እናቴ እንዲህ ነው የምትናገረው» አለና ሞተሩን አስነሳ። እንግሊዝኛው ላይም «ሪቻርጅ» እና «ኢነርጃይዝ» በየቦታቸው ትክክል መሆናቸውን አሁን አውቄ ነው የምተዋቸው። ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።


ፌዝ እና ኒውትራል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡25

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። መምህርት ጠመኔ፣ የእኔንም ጣጣ ልጨምርብዎት። ለአዲስ ሠራተኞች የማሳየው ባለ 2 ገጽ የደኅንነት ወረቀት አለኝ። «ኢነርጃይዝድ»ን «ኃይል ያለው፣ አትንካ» ብዬዋለሁ። ተቃራኒውን፣ «ዲኢነርጃይዝድ» የሚለውን፣ ምን ልበለው?


ጠመኔ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

«ኃይሉ የተቋረጠ» ይበሉት። «የጠፋ» አይበሉ፤ መብራት ጠፋ ሲባል በራሱ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣም ነው።


ፌዝ እና ኒውትራል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡55

ትክክል። «ኃይሉ የተቋረጠ፣ መቋረጡም በቴስተር የታየ» ብዬ ጻፍኩት። ወረቀቱን ማታ እዚሁ አወጣዋለሁ፤ ሁላችሁም እዩልኝ።